የአባቴ የወገብ ሕመም የመቅኒ ካንሰር ነው ተባለ፤ ቤት ሸጠን ውጭ እንውሰዳቸው?

ጥያቄ፦ የጎንደር፣ አዘዞ ነዋሪ ነኝ። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ከሰባት ወር በፊት ወገባቸውን ያማቸው ጀመር። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄዱ፤ ከዚያ አንድ ክሊኒክ ዲስክ ነው ብሏቸው ዳይክሎፌናክ በመርፌም በክኒንም ሲወስዱ ቆዩ። እየከሱና እየደከሙ ሲመጡ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ከዳሌ አጥንታቸው መቅኒ ተወስዶ መልቲፕል ማየሎማ ነው ተባልን። ወረቀቱ ሄሞግሎቢን 8.1፣ ክሪያቲኒን 2.4፣ ካልሲየም 12.1፣ ጠቅላላ ፕሮቲን 10.8፣ አልቡሚን 3.1፣ ኢ.ኤስ.አር 125፣ በመቅኒው ውስጥ ፕላዝማ ሴል 38 በመቶ ይላል። ቀጠሯቸው ለመጪው ሳምንት ነው። ዘመዶቻችን ቤቱን ሸጣችሁ ሕንድ ውሰዷቸው ይሉናል። ለእሳቸው የበሽታውን ስም አልነገርናቸውም። በሽታው ይድናል? ወደ እኛ ወደ ልጆቻቸውስ ይተላለፋል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ወደ ቤቱና ወደ ሕንዱ ጉዳይ እመለሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን የመጪውን ሳምንት ቀጠሮ አትጠብቂ። አባትሽን ዛሬውኑ፣ ውጤቶቹን ሁሉ ይዘሽ፣ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል መልሺያቸው። ያስቸኮለኝ ካልሲየማቸውና ኩላሊታቸው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ክሪያቲኒን የኩላሊት መለኪያ ነው።

ካልሲየም በደም ውስጥ ግማሽ ያህሉ አልቡሚን ከሚባለው የደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ፣ አልቡሚን ያነሰበት ሰው ላይ የሚለካው ቁጥር ከትክክለኛው ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ አልቡሚን ከ4 ለጎደለበት ለእያንዳንዱ 1 ቁጥር 0.8 እንጨምራለን። የአባትሽ 12.1 በዚህ ሲስተካከል 12.8 ይደርሳል፤ የጤናማ ሰው ጣሪያ 10.5 ገደማ ነው። ካልሲየም እዚህ ሲደርስ ሰው ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይበዛል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ያስመልሰዋል፣ ቀን ሙሉ ያንቀላፋል፤ ሲብስበትም ይዘባርቃል። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ሐሳብ ገብቷቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሽንቱ መብዛት የሰውነታቸውን ውኃ ይጨርሳል፣ የውኃው ማለቅ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ የተጎዳው ኩላሊትም ካልሲየሙን ማስወጣት ያቅተዋል። ሕክምናው የሚጀምረው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ግሉኮስ ይበለው እንጂ የእሳቸው የጨው ውኃ መሆን አለበት። ዴክሳሜታዞን ይከተላል፣ ከዚያም የአጥንቱን መፍረስ የሚገታው ዞሌድሮኒክ አሲድ፤ እሱ ግን ኩላሊታቸው ታይቶ፣ ልኩ ተቀንሶ ወይም ቆይቶ የሚሰጥ ነው። ይህን ለመጀመር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ዳይክሎፌናኩ አሁኑኑ ይቁም። ኢቡፕሮፌንም ሆነ ኢንዶሜታሲን፣ የዚያ ወገን የሆነ ሁሉ ለእሳቸው ኩላሊት መርዝ ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይጀመራል፤ ካልበቃ ትራማዶል ወይም ሞርፊን ሐኪሙ ለኩላሊታቸው በሚመጥን ልክ ያዝዝላቸዋል። ሱስ ያስይዛል ተብሎ ሞርፊን የሚከለከል በሽተኛ ማየት የሰለቸኝ ነገር ነው። አጥንታቸው እንዲጠገን ብላችሁ የካልሲየም ክኒን ገዝታችሁላቸው ከሆነም ይቁም፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይገባሻል።

ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኒ ነው። እዚያ ከሚገኙት ሕዋሳት መካከል ፕላዝማ ሴል የሚባሉት ሥራቸው ተህዋስያንን የሚዋጉ ፕሮቲኖችን፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካላትን ማምረት ነው። በጤናማ ሰው መቅኒ ውስጥ ከ5 በመቶ እምብዛም አይበልጡም፤ ዓይነታቸው ግን እልፍ ነው፤ እያንዳንዱም የየራሱን ፕሮቲን ያመርታል። በማየሎማ ከእነዚህ የአንዷ ዘረ መል ይበላሽና ያለ ልክ ትራባለች። ዘሮቿ በሙሉ እሷኑ ይመስላሉ፤ የሚያመርቱትም አንድ ዓይነት፣ ለመከላከያ የማይረባ ፕሮቲን ነው። ስንዴ ማሳ ውስጥ እንደገባ እንክርዳድ ናቸው፤ ሲያዩዋቸው ከጤነኛው ብዙም አይለዩም፣ ቦታውን ግን ይወርሱታል። ቀይ የደም ሕዋስ የሚሠራበት ስፍራ ስለሚጣበብ ደም ያንሳል፤ የአባትሽ 8.1 በብረት ክኒን የማይነሣውም ለዚህ ነው። ጤናማ ፀረ እንግዳ አካላትም ስለሚመናመኑ ሰውየው ለሳንባ ምችና ለሌላ ኢንፌክሽን ይጋለጣል።

አጥንታችን ዕድሜ ልክ ሲፈርስና ሲገነባ የሚኖር ነው። ማየሎማ የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ያነሣሣል፣ የሚገነቡትን ያዳክማል። ስለዚህ በራጅ ላይ ዙሪያው ያልጠነከረ ክብ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል፤ የአከርካሪ አጥንትም ያለ ምንም ውድቀት፣ ዕቃ ሲያነሡ ወይም ሲያስሉ ሊደቅቅ ይችላል። የፈረሰው አጥንት ካልሲየም ወደ ደም ይፈስሳል፤ የ12.8 ምንጩ ይኸው ነው። በክኒን ካልሲየም ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቢው።

ኩላሊቱን የሚጎዳው ደግሞ የዚያ ፕሮቲን ስባሪ፣ ላይት ቼይን የምንለው ነው። ትንሽ ስለሆነ በኩላሊት ያልፋል፤ ሲበዛ በቱቦዎቹ ውስጥ እየረጋ ይደፍናቸዋል፣ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ደግሞ ይብስበታል። የተለመደው የሽንት ስትሪፕ በዋናነት አልቡሚንን ስለሚለይ ይህን ፕሮቲን አያየውም፤ «ሽንታቸው ንጹሕ ነው» ተብላችሁ ከነበረ አትደነቁ። እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ላይ ሄንሪ ቤንስ ጆንስ የተባለ ሐኪም የአንድ ነጋዴ ሽንት ተልኮለት፣ ሲሞቅ የሚረጋ፣ ሲፈላ ደግሞ የሚሟሟ ነገር አግኝቶበት ነበር። በካንሰር ምርመራ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ የላቦራቶሪ ምልክቶች አንዱ ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም የቤንስ ጆንስ ፕሮቲን ይባላል። በላይት ቼይን የተጎዳ ኩላሊት በጊዜ ከተደረሰበት ሊያገግም ይችላል፤ እጥበት ከጀመሩ በኋላ እንኳ የተላቀቁ አሉ። ሳምንታት ካለፉ ግን ጉዳቱ ይጸናል። የመጪውን ሳምንት ቀጠሮ አትጠብቂ ያልኩሽ በዚህ ነው።

ሰባት ወር ለምን ፈጀ ብለሽ ትቆጪ ይሆናል። የወገብ ሕመም ያለበት ሁሉ ማየሎማ የለበትም፤ ከሺህ አንዱም ላይኖረው ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ክሳትና የወገብ ሕመም አብሮ ሲመጣ ሐኪም መጀመሪያ እሱን ቢያስብ አይፈረድበትም። ቲቢ ብዙውን ጊዜ በሁለት አከርካሪዎች መካከል ያለውን ዲስክ ይበላል፣ በዙሪያውም መግል ያጠራቅማል፤ ማየሎማ ዲስኩን ትቶ አጥንቱን ይበላል። ይህን አጣርቶ የሚያሳየው ኤም.አር.አይ ነው። ራጅ ላይ ቀዳዳ እንዲታይ ደግሞ ከአጥንቱ ሲሦው ወይም ከዚያ በላይ መፍረስ ስላለበት፣ ንጹሕ ራጅ አያዝናናም።

ይህን የምታነቡ ጤና ባለሙያዎች ካላችሁ፣ የዚህች ልጅ ወረቀት ላይ ዓይኔን የሳበው የፕሮቲኑ መስመር ነው። ከጠቅላላው ፕሮቲን ከ10.8 ላይ የአልቡሚኑ 3.1 ሲቀነስ ግሎቡሊኑ፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካላት የሚገኙበት የቀረው ፕሮቲን፣ 7.7 ይሆናል። ልዩነቱ ከ4 ካለፈ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል፤ ልዩነቱን ለማወቅ የሚያስፈልጉት ጠቅላላ ፕሮቲንና አልቡሚን የተባሉት ሁለት ርካሽ ምርመራዎች ናቸው፣ ጤና ጣቢያዎቻችን ላይ ቢስፋፉ ብዬ የምመኛቸውም እነሱን ነው። ጎንደር ላይ ግን ወጥመድ አለበት። ከመተማና ከሑመራ የቀን ሥራ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ይዘው የሚመለሱ ወጣቶች ግሎቡሊናቸው እንዲሁ ይወጣል፣ ደማቸው ይወርዳል፣ መቅኒያቸው ውስጥም ፕላዝማ ሴል ሊበዛ ይችላል። ኤች.አይ.ቪና ሥር የሰደደ የጉበት በሽታም ግሎቡሊን ያወጣሉ። በእነዚህ ላይ የሚበዛው ፕሮቲን ብዙ ዓይነት ነው፣ በማየሎማ ግን አንድ ዓይነት፤ ሁለቱን የሚለየው ሴረም ፕሮቲን ኤሌክትሮፎረሲስ የሚባለው ምርመራ ነው። በካላዛር ላይ ሰፊ ጉብታ፣ በማየሎማ ላይ ቀጭን ሹል ጫፍ ያሳያል። ካላዛር ከሆነ ደግሞ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ አብረው ይኖራሉ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ማዕከል ስላለው ለማጣራት ሩቅ አያስኬድም።

በአባትሽ ላይ ግን ብዙም አልጠራጠርም። ማየሎማ ለማለት በመቅኒ ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶ ከአንድ ዘር የበቀሉ ፕላዝማ ሴሎችና በሽታው ያደረሰው አንድ ጉዳት ያስፈልጋል፦ ካልሲየም ከ11 በላይ፣ ክሪያቲኒን ከ2 በላይ፣ ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ወይም የአጥንት መፍረስ። እሳቸው ሦስቱን አሟልተዋል፣ የአራተኛው ምልክትም ወገባቸው ላይ ነው። ቢሆንም ኤሌክትሮፎረሲሱና የላይት ቼይን ልኬቱ ከሕክምና በፊት ይሠሩ፤ በኋላ መድኃኒቱ መሥራቱን የምናውቀው ከዚያ ቁጥር ጋር እያመሳከርን ነው። እዚህ ካልተገኘ የደም ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ መላክ ይቻላል፤ የታመመ ወገብ በአውቶቡስ አሳፍሮ ማንገላታት አያሻም።

ይድናል ወይ ላልሽው፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ጨርሶ አይጠፋም። በሕክምና ይተኛል፤ ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ይመለሳል፣ በሌላ መድኃኒት ደግሞ ይተኛል። ሁሉም መድኃኒት በሚገኝበት በአሜሪካ ከ10 ታማሚዎች 6ቱ ገደማ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ያንን ቁጥር እንዳለ ለአባትሽ አልሰጥሽም፤ ነገር ግን ማየሎማ የወራት ዕድሜ ብቻ የሚሰጥ በሽታ የነበረበት ዘመን አልፏል።

የተለመደው መነሻ ሕክምና ቦርቴዞሚብ ከዴክሳሜታዞን ጋር፣ ሦስተኛ ደግሞ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ታሊዶማይድ ወይም ሌናሊዶማይድ ነው። ቦርቴዞሚብ ከቆዳ ሥር ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን የሚወጋ ሲሆን፣ ለደካማ ኩላሊት ልኩ ስለማይቀነስ ለአባትሽ ይመቻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ቦርቴዞሚብን፣ ሌናሊዶማይድን፣ ታሊዶማይድንና ሜልፋላንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ዝርዝር ውስጥ መግባትና መደርደሪያ ላይ መገኘት ለየቅል ናቸው፤ ስለዚህ የትኛው መድኃኒት እንዳለ፣ የትኛው ከግል ፋርማሲ እንደሚገዛና አንዱ ዙር ስንት እንደሚፈጅ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቂ። ለስድስት ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ ርካሽ መድኃኒት፣ ለሁለት ወር ተወስዶ ገንዘብ ካለቀበት ውድ መድኃኒት ይሻላል። በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ደግሞ ፋርማሲስቱ ሳያየው አይወጋ።

ወደ ሕንዱ እንመለስ። እዚያ የሚታሰበው ከራሳቸው ከአባትሽ ደም የሚሰበሰብ ስቴም ሴል (ደም የሚያመነጩ መነሻ ሕዋሳት) ተቀምጦ፣ ከፍተኛ ሜልፋላን ከተሰጣቸው በኋላ የሚመለስበት ሕክምና ነው። በሽታው ተኝቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያስረዝማል፤ አይነቅለውም። ዘመዶቻችሁ ልብ ያላሉት ነገር፣ ይህ ሕክምና በየትም አገር ቢሆን ቀድሞ አይሰጥም። መጀመሪያ ከሦስት እስከ ስድስት ዙር የመነሻ መድኃኒት ይወሰዳል፣ ካልሲየሙ ይወርዳል፣ ኩላሊቱ ያገግማል፣ ከዚያ ነው የሚታሰበው። እነዚያን ዙሮች እዚሁ አገር ቤት መውሰድ ይቻላል። ቤቱ ዛሬ ቢሸጥ ገንዘቡ የሚያልቀው ለአውሮፕላን፣ ለሆቴልና እዚህም ሊደረግ ለሚችል የመጀመሪያ ሕክምና ነው። የእኔ ምክር፣ አሁን አትሽጡ። አራት ዙር ያህል ይውሰዱና ሰውነታቸው የሚችል መሆኑ ሲታይ ተወያዩ። ለዚያ በር ክፍት እንዲሆን ግን ከአሁኑ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ሜልፋላን በክኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ስቴም ሴሉን መሰብሰብ ያስቸግራል፣ ሌናሊዶማይድም ሲረዝም እንዲሁ።

ከመድኃኒቶቹ ጣጣ ሁሉ በቤት ውስጥ የሚያስቸግረው ዴክሳሜታዞን ነው። እንቅልፍ ይነሣል፣ ስኳር ያወጣል፣ ሰውን ነጭናጫ ያደርጋል፤ ጠዋት ከቁርስ ጋር ቢወስዱት ይሻላል። ከመጀመሩ በፊት ሄፓታይተስ ቢ ይመርመሩ፣ የቲቢ ምልክት መኖር አለመኖሩ ይታይ። በእኛ አካባቢ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል አለ፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲሰጥ በሰውነት ውስጥ ተባዝቶ ሊገድል ስለሚችል ሐኪሙን አይቨርሜክቲን ጠይቂ። የተለመደው አልበንዳዞል ለዚህኛው ትል ደካማ ነው። ቦርቴዞሚብ እግርና እጅ ያደነዝዛል፤ ሲጀምራቸው ካልተናገሩ ላይመለስ ይችላል፣ ከተናገሩ ልኩ ይቀነሳል። አልማዝ ባለጭራንም ስለሚቀሰቅስ አሲክሎቪር አብሮ ይሰጣል። ታሊዶማይድና ሌናሊዶማይድ ደም ያረጋሉ፤ ቢያንስ ሐኪሙ በሚያዘው አነስተኛ ልክ አስፕሪን ያስፈልጋቸዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ካፕሱሎቹን በእጇ አትንካ። ከዞሌድሮኒክ አሲድ በፊት መነቀል ያለበት ጥርስ ካለ ይነቀል፤ በኋላ መንጋጋው አልድን ሊል ይችላል።

ውኃ ይጠጡ፤ ሐኪም ካልከለከለ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መጾም ለዚህ ኩላሊት አይሆንም፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ነጻ ስለምታደርግ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከአንቺም ከእኔም በላይ ይሰማሉ። ጠበል ቢሄዱ አልቃወምም፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ፣ ቅዝቃዜውም ይታሰብበት። ወጌሻ ግን ፈጽሞ ወገባቸውን አይንካ፤ እንዲህ ያለ አከርካሪ ሲታሽ ይደቅቅና የጀርባ ሰረሰራቸውን ሊጫን ይችላል። እግራቸው ከዛለ፣ ከእምብርት በታች ከደነዘዛቸው ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል፤ የቀናት መዘግየት ዕድሜ ልክ ያስተኛል። ቴርሞሜትር ግዙ። ትኩሳት 38 ከደረሰ ወባ ነው ብላችሁ የወባ መድኃኒት ሰጥታችሁ አትደሩ፤ ከሕክምናው መጀመሪያ ወራት ሰው የምናጣው ባብዛኛው በኢንፌክሽን ነው።

ስለ መንገሩ። ልማዳችን ለታማሚው እንዲከደን መሆኑን አውቃለሁ፣ ከፍቅር የመጣ መሆኑንም። ግን አባትሽ የእግራቸውን መደንዘዝና የሰውነታቸውን ትኩሳት ቀድመው ማስተዋል የሚችሉ ብቸኛው ሰው ናቸው፤ ምን እንደሚጠብቁ ካላወቁ አይናገሩም። ቤቱም የእሳቸው ነው፤ ለምን እንደሚሸጥ ሳያውቁ ሊሸጥባቸው አይገባም። በየሳምንቱ ሲወጉና ካንሰር ክፍል ሲቀመጡም መገመታቸው አይቀርም፤ ብዙዎቹ ያውቁና ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ብለው ዝም ይላሉ። ሐኪሙ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ይጠይቃቸው፤ አንቺም የሚያከብሩት ታላቅ ሰውም አጠገባቸው ሁኑ። «የመቅኒ በሽታ ነው፣ ጨርሶ አይነቀልም፣ ግን መድኃኒት አለው» ማለት ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

ወደ እናንተ በመብላት፣ በመጠጣት፣ በማስታመም አይተላለፍም። በዘርም ቢሆን እንደሌሎች ውርስ በሽታዎች ከአባት ወደ ልጅ በቀጥታ አይወርድም። የታማሚ ልጆችና ወንድም እኅቶች የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ መነሻው በጣም ትንሽ ስለሆነ ሲባዛም ትንሽ ነው። ምንም ምልክት ሳይኖራችሁ ተሰልፋችሁ መቅኒ ማስመርመር አያስፈልጋችሁም። ከእናንተ አንዳችሁ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ከወር ያለፈ የአጥንት ሕመም ቢያገኘው ግን አባታችን ማየሎማ ነበረባቸው ብሎ ይናገር፤ ጠቅላላ ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ ካልሲየምና ክሪያቲኒን ይታዩለት።